የአያቶች ሩዝ

ስድስተኛው ወር፣ 24

ዝናቡ ገባ። ለራት ሩዝ ስሰፍር ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ተነሣች። ቀጥ ብላ አትበርም፤ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ትላለች። በሁለት መዳፌ መካከል አጨበጨብኩባት። ጣቴ ላይ የቀረው ዱቄት የመዳብ ቀለም አለው።

አንዲት ብቻ ናት።

እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ ዛሬም ከግማሽ ሳህን በላይ አልበሉም። «ሙቀቱ ነው» ይላሉ። ገና ሙቀት አልመጣም።

ስድስተኛው ወር፣ 27

ከከተማ ሆስፒታል ተመለስን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ልጄን ማንሺክን ያህላል። የራጅ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳየን። እማማ ዓይናቸውን አጥብበው አዩና «ደመና ነው» አሉ።

እኔን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ጨጓራቸው ላይ ዕጢ አለ። አሁን ተቆርጦ ከወጣ ተስፋ አላቸው። «መኸሩ ካለፈ ግን እኔም ቢላ አላነሣም» አለኝ።

አውቶቡስ ተሳፈርን። ድልድዩን ስንሻገር እማማ ጠየቁኝ።

«ምን አለሽ ያ ልጅ?»

«መቆረጥ አለበት አለ፣ እማማ። ቶሎ።»

«አንቺ ምን አልሽው?»

«እሳቸውን ልጠይቅ አልኩት።»

«እኔን ምን ያስጠይቃል? አዲሱ ሩዝ ሲደርስ ማሰሮውን እከፍታለሁ። ሩዙ ንጹህ ከሆነ እሄዳለሁ። ትል ከገባው በምንጣፌ ላይ ልሙት። ሆዴ ተከፍቶ ሰው በማላውቅበት ከተማ መቅረት አልፈልግም።»

ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየን። እማማ «ምን ታያለህ? አንተ እናት የለህም?» አሉት።

ማሰሮው እማማ ክፍል ውስጥ፣ ከራስጌያቸው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። አፉ በወረቀት ተሸፍኗል፤ አንገቱ ወደ ግራ በተገመደ ገለባ ታስሯል። ውስጡ ያለው ሩዝ የአያቶች ነው። ሰው አይነካውም፤ በዓመት አንዴ፣ አዲሱ ሩዝ ሲደርስ ብቻ ይለወጣል። አሮጌው ደረቅና ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ቤቱ ደህና ይሆናል። ከሻገተ ወይም ትል ከገባው ከቤቱ ሰው ይጎድላል።

ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። እዚህ አገር የማያውቀው የለም።

ሰባተኛው ወር፣ 2

ሦስት የእሳት እራቶች። አንዱ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ክንፉን አጥፎ እንደ ስንጥር ተኝቶ አገኘሁት። እንዲህ ሲተኙ ሰው ስንጣቂ እንጨት ይመስሉታል።

የገበሬዎች ማኅበር ያደለውን መጽሔት አወጣሁ። በዝግታ ነው የማነበው፤ ማንበብ የተማርኩት ባለቤቴ ከወደብ በላካቸው ደብዳቤዎች ነውና እስከ ዛሬ ረጅም ቃል ሲገጥመኝ በእሱ ድምፅ ነው የምሰማው። መጽሔቱ ነቀዝና የእሳት እራት አንድ አይደሉም ይላል። ነቀዝ ፍሬውን በስቶ ውስጡ ይኖራል። የእሳት እራት ግን የምትጎዳው ራሷ አይደለችም፤ እሷ አፍ እንኳ የላትም ማለት ይቻላል። የሚበላው ትሏ ነው። ትሉ ድር ያደራል፤ ፍሬው በድሩ ተያይዞ እንደ ጓል ይሆናል። ሲጠግብ የበላበትን ትቶ ይወጣል፤ ግድግዳ ይወጣል፤ ጥግ ፈልጎ ይጠቀለላል። ስለዚህ «ትሉን ያገኘህበት ቦታ ትሉ የተወለደበት ላይሆን ይችላል» ይላል።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት።

ሰባተኛው ወር፣ 3

የበርበሬ ዱቄቱ! ከረጢቱን ሳነሣው ዱቄቱ አልፈሰሰም፤ በድር ተያይዞ ተንጠለጠለ። ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ከግቢ አውጥቼ አቃጠልኩት። ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። እማማ ከውስጥ ሆነው «ጦርነት ነው እንዴ?» እያሉ ሳሉ።

አገኘሁት ማለት ነው። አለቀ።

ሰባተኛው ወር፣ 9

አላለቀም። ዛሬ አምስት።

ጎረቤቴ መጣች። ሱንቾን በምትባል ከተማ ስለተወለደች መንደሩ ሁሉ ሱንቾኗ ነው የሚላት። ዕቃ ቤቱን ባዶ አድርጌ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አገኘችኝ። የጣውላውን ስንጥቅ በመርፌ እየጫርኩ ነበር።

«ምን ጠፋብሽ?»

«የእሳት እራት ገባብኝ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ወንድ ከሆነ ተይው! ባልሽ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት ደፍሮ የገባ እሱ ብቻ ነው።»

እማማ በወረቀት በተለበጠው በር በኩል ሰምተው ሲስቁ ሆዳቸውን ያዙ። ሳቃቸው ወደ ማቃሰት ሲዞር ሱንቾኗ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ቀልድ አላወራችም፤ ጨርቅ አንሥታ ከእኔ ጋር ትወለውል ጀመር። መደርደሪያውን በኮምጣጤ ጠረግን። አኩሪ አተሩን፣ ሰሊጡን፣ ሩዙን ሁሉ በትንንሽ ከረጢት አድርገን እሷ ቤት ወስደን አሳዋ ካለበት ፍሪዘር ከተትነው። ሳምንት ይቆያል። ዕንቁላሉም ትሉም በብርዱ ይሞታል።

«አተርሽ አሳ አሳ ቢል ግን እኔ የለሁበትም» አለች።

ስትወጣ በዝግታ ጠየቀችኝ። «የማንሺክ እናት፣ እሳቸው መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ማሰሮው ሲከፈት።»

ጫማዋን አጠለቀች። ከዚያ «ንጹህ ይሁን እንጂ» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር።

ሰባተኛው ወር፣ 16

ሁሉንም ከፍሪዘር መልሼ ክዳናቸው ወደሚጠመዘዝ ብርጭቆ ማሰሮዎች ገለበጥኩ። ትሉ ላስቲክ በጥርሱ ይበሳል፤ ብርጭቆ ግን አይችልም። በየማሰሮው ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ በርበሬ ጨመርኩ፤ ይህ ከእናቴ የተማርኩት ነው፣ ይሠራ አይሠራ እንጃ። ክዳኑ ላይ የተዘጋበትን ቀን ለጠፍኩ።

አሁን ከመካከላቸው የታመመ ካለ በብርጭቆው ይታየኛል። ሁሉም ንጹህ ሆኖ የእሳት እራት ከመጣ ደግሞ፣ ከብርጭቆ ውጭ ያለ ምግብ አለ ማለት ነው።

ሰባተኛው ወር፣ 20

ብርጭቆዎቹ ሁሉ ንጹህ ናቸው።

ማታ ከመብራቱ ሥር የሳሙና ውኃ በሳህን አኑሬ ነበር። ሰባት ወድቀውበታል።

ከብርጭቆ ውጭ ምን ምግብ አለ? የውሻው ሳህን ታጥቧል። ደረቅ አሳው በቆርቆሮ ነው። ትራሱ! የእማማ ትራስ በስንዴ ገለባ የተሞላ ነው። ነገ እከፍተዋለሁ።

ሰባተኛው ወር፣ 21

ትራሱን ፈታሁ። ምንም የለበትም።

የእማማን ልብስ ስቀይር ብርድ ልብሳቸው ላይ፣ ደረታቸው ዘንድ፣ ትል አየሁ። ነጭ ነው፤ ራሱ ቡና ቀለም። እየሄደ ነበር። በጣቴ አንሥቼ ጨፈለቅሁት፤ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ክር ነው፣ እማማ።»

ወደ ላይ አላየሁም። እሳቸውም እያዩኝ ስለነበር ወደ ላይ ማየት አልቻልኩም። ግን ትል አይበርም። ከላይ ነው የሚወድቀው።

ሰባተኛው ወር፣ 22

እንቅልፍ የለም።

የት እንደሆነ አውቃለሁ። ምናልባት ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። መርፌ ይዤ ስንጥቅ ስጭር፣ በርበሬ ሳቃጥል፣ ትራስ ስፈታ፣ አንድ ቦታ ብቻ አላየሁም። ማንም ቢሆን አያይም። ሱንቾኗ እንኳ እማማ ክፍል ያለውን መደርደሪያ ስትወለውል ጨርቋን በማሰሮው ዙሪያ አዙራ አለፈች። ስታልፍም ራሷን ዝቅ አደረገች።

ፒልሱ፣ ባለቤቴ፣ የሩቅ ባሕር መርከብ ሊሳፈር በተዘጋጀበት መኸርም ማሰሮው ተከፍቶ ነበር። እማማ ከፈቱት፤ ሩዙ ንጹህ ነበር። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ንጹህ ነበር። «ሂድ ልጄ» አሉት፤ ሄደ።

ያን ጊዜ ማንሺክ ጡት አልጣለም ነበር። እኔ ከእማማ በፊት፣ አቧራ ልጠርግ ብዬ ብቻ

አይ። በቃ። ዘይቱም አለቀ፣ የጠረጴዛ መብራቱ ይጨሳል።

ስምንተኛው ወር፣ 1

ማንሺክ ከቡሳን ከተማ መጣ። ሐብሐብ ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ። ምሳ ሳይበላ ከአያቱ ጋር ገጠመ።

«አያቴ፣ ማሰሮ ሐኪም ነው እንዴ?»

«ሐኪምህስ ሆዴን ሳይከፍት አይደል የተናገረው? እኔ ግን ከፍቼ ነው የማየው።»

«እሱ ፎቶ አንሥቷል!»

«ፎቶ! የአባትህም ፎቶ አለኝ።»

ማንሺክ ተነሥቶ በረንዳ ወጣ። እኔ ሐብሐቡን መቁረጤን ቀጠልኩ፤ ቢላው ከጣቴ ጫፍ ትንሽ ወሰደ።

በኋላ ጉድጓዱ ዘንድ ተከተለኝ። «እማዬ፣ አንቺ እንቢ እንዳይሉ ማድረግ ትችያለሽ። ማሰሮውን አንቺ አይደለሽም የምታጸጂው? ቀድመሽ እይው። የተበላሸ ከሆነ ቀይሪው፤ በቃ። ማን ያውቃል? አንድ ማሰሮ ሩዝ ነው!»

«እንዲህ አይባልም።»

«ለምን?»

«አይባልም አልኩህ!»

በሕይወቴ እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። እጁን ወደ ኋላ ሳበ፤ ልጅ ሳለ ምድጃ ነክቶ እንደሚያደርገው። ማምሻውን በመጨረሻው አውቶቡስ ሄደ። ሐብሐቡ ለሁለታችን በዛ።

ስምንተኛው ወር፣ 8

እማማ ውኃ ብቻ። ጉንጫቸው ገብቷል። ብርድ ልብሱን ጠዋትና ማታ አራግፋለሁ። ሁለት ትል፤ አላዩም። ከመደርደሪያው ሥር ላርቃቸው ብዬ «እዚህ ንፋስ አለ፣ ወደ መስኮቱ እንሂድ» አልኳቸው።

«ስድሳ ዓመት እዚህ ተኝቻለሁ፤ ንፋሱ ያውቀኛል» አሉ።

ስምንተኛው ወር፣ 13

ልብስ ሳሰጣ ሰማሁ። እማማና ሱንቾኗ በረንዳ ላይ ነበሩ።

ሱንቾኗ፦ «ግን ማሰሮው ሁልጊዜ እውነት ይናገራል?»

እማማ፦ «ይናገራል። አማቴ ሲሞቱ ሻግቶ ነበር። ትልቁ ጎርፍ በመጣ ዓመት ረጥቦ ነበር።»

«የልጅዎ ጊዜስ?»

የሰጣሁት አንሶላ ይንጠባጠባል፤ እጄን እንኳ ማንቀሳቀስ ፈራሁ።

«ያን ጊዜ ዝም አለኝ» አሉ።

ስምንተኛው ወር፣ 19

ዛሬ እማማ ደም አስታወኩ። ብዙ አይደለም፤ ማንኪያ አይሞላም። እኔን እንዳያስፈራኝ በአመድ ሸፍነውት ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ ሆዳቸውን ዳሰሰችና በር ላይ ጠርታ «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ?

እማማ ቀድሞ የሚደርሰው የፈጣኑ ሩዝ ራስ መዘንበል እንደጀመረ ከሱንቾኗ ሰምተዋል። «በአሥር ቀን ጥቂት ነዶ ታመጪልኛለሽ። ያኔ እከፍታለሁ» አሉ።

አሥር ቀን። ከተከፈተና ካዩት ይቀራሉ። ቀርተው በዚህ ክፍል፣ በዚያ መደርደሪያ ሥር፣ ትል እየወደቀባቸው ይሞታሉ። ካላዩት ደግሞ ይሄዳሉ፤ እኔም እንደገና አንድ ሰው በንጹህ ሩዝ እሸኛለሁ።

ቢሄዱና ከቢላው ሥር ባይነሡስ?

ስምንተኛው ወር፣ 21

ሱንቾኗ እማማን አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደችልኝ፤ መርፌ አለባቸው። ቀን ነበር፤ ፀሐይ በወረቀቱ መስኮት ገብታለች። በሩን ዘጋሁ። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። በርጩማ ላይ ወጣሁ።

ወረቀቱ ከታች በኩል እንደ ወንፊት ተበስቷል። ገመዱን ፈታሁ። ወረቀቱ ብቻውን አልተነሣም፤ ከሥሩ ድሩ አብሮ ተነሣ፣ እንደ ቀጭን ነጭ ጨርቅ፤ ፍሬዎቹም ተንጠልጥለውበት። ሩዙ ግራጫ ሆኗል። ይንቀሳቀሳል። ሽታው እንደ እርጥብ ላባ ነው። ሁለት የእሳት እራቶች ፊቴ ላይ ወጡ፤ ለመጮህ አፌን ስከፍት አንዷ ከንፈሬን ነካችኝ።

በርጩማው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አያቶችን ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር። የመጣልኝ ቃል ግን «እንደገና?» የሚል ብቻ ነው።

ስምንተኛው ወር፣ 22

ይህ ሩዝ ውሻ አይበላውም፣ ዶሮ አይበላውም፣ ባዕድ አይበላውም፣ አይጣልም። የአያቶች አሮጌ ሩዝ በቤቱ ሰው ብቻ ነው የሚበላው።

ያን መኸር ወደ ባሕር ነው የወሰድኩት። ሌሊት፣ በቀሚሴ ቋጥሬ፣ ከወደቡ ድንጋይ ጫፍ። ባሕሩ ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ትሎቹ ለጥቂት ጊዜ ተንሳፈፉ።

የአያቶችን ሩዝ ለባሕር የሰጠ ሰው ባሕሩ ሌላ ምን እንዲወስድ ይጠብቃል?

ይህችን ገጽ እቀድዳታለሁ።

ስምንተኛው ወር፣ 23

አልቀደድኳትም።

ሩዙን በጨርቅ ከትቼ በሱንቾኗ ፍሪዘር ከአሳው ሥር ደበቅሁት። «ምንድን ነው?» አለች። «የአሳ ማጥመጃ» አልኳት። የማላጠምድ ሴት። ሌላ አልጠየቀችም።

ማሰሮውን በፈላ ውኃ አጠብኩት፤ ለእማማ «ላብሰው አወረድኩት» አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገለበጠ። መደርደሪያውን፣ የጣሪያውን ጥግ፣ የወራጁን ስንጥቅ ሁሉ በመርፌና በኮምጣጤ። ሃያ የሚሆን ነጭ ጥቅልል ከወራጁ ሥር አወጣሁ፤ እያንዳንዱ ውስጥ የተጠቀለለ አለ።

የማሰሮው ሩዝ ከላይኛዋ ማሳ ተቆርጦ በእጅ ሙቀጫ የተወቀጠ ነበር፤ ቆዳው ቡናማ፣ ፍሬው ሸካራ። ያለፈው ዓመት ሸካራ ሩዝ በቤት የለም። ሁሉም ወፍጮ ገብቶ ነጭ ሆኗል። ነጩን ወስጄ በምድጃው አጠገብ አሞቅሁት፤ ቀለሙ ትንሽ ተለወጠ። የእማማ ዓይን ደክሟል።

አዲስ ወረቀት። ከሥሩ ጥጥ። ገመዱን ወደ ግራ መግመድ አስቸገረኝ፤ እጄ ልማዱ ወደ ቀኝ ነው። ሦስቴ ተፈታ።

ስምንተኛው ወር፣ 25

ከፍሪዘር ያመጣሁትን በወንፊት እነፋለሁ፤ ድሩን አነሣለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ አጥባለሁ፤ እማማ ሲተኙ አንድ እፍኝ ቀቅዬ ለብቻዬ እበላለሁ። ይመርራል። ሁሉንም እበላዋለሁ። ለባሕር አልሰጥም።

ከመብራቱ ሥር ያለው ሳህን ዛሬ ባዶ ነው።

ስምንተኛው ወር፣ 29

ተከፈተ።

የፈጣኑን ሩዝ ነዶ በግድግዳው ሰቀልኩ። እማማ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በእኔ ክንድ ተደግፈው ተነሡ። ሱንቾኗ በር ላይ ተቀመጠች። ማሰሮውን አውርጄ ፊታቸው አኖርኩ። ታችኛው ጠርዙ ወለሉን መታ።

«ቀስ፤ አያቶችን አታስነሺ» አሉ።

ገመዱን ዳሰሱት። ጣታቸው በገመዱ ላይ ዘገየ። ወረቀቱን አነሡ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ፊታቸው የማሰሮውን አፍ ሊነካ ደረሰ። ከዚያ ሁለት ጣት አስገብተው አንድ ፍሬ አወጡና አፋቸው ውስጥ አኖሩት።

እህል ሳምንት ያልነካው አፍ አኘከ። ረጅም ጊዜ አኘከ። ሱንቾኗ ጉልበቷን አቅፋ ትጠብቃለች። እኔ ወለሉን ነው የማየው። «ይህ የወፍጮ ነው» የሚሉበትን ጊዜ ነበር የምጠብቀው።

ዋጡት።

«ንጹህ ነው» አሉ። «ጥሩ ሩዝ ነው።»

ሱንቾኗ ወለሉን በመዳፏ መታች፣ ጮኸች፣ አለቀሰች። «አልኩ እኮ! አልኩ እኮ!» እያለች ጫማዋን ሳትጫማ ለመንደሩ ልትናገር ሮጠች።

እማማ ወረቀቱን መለሱ። ወደ እኔ ሳያዩ «ማንሺክን ጥሪው፤ ከነገ ወዲያ እንሂድ» አሉ። ከዚያ «ከሲታ ሆነሻል፤ የምትበዪውን ሩዝ እያየሽ ብዪ» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አላውቅም። አላውቅም ብዬ እጽፋለሁ።

ዘጠነኛው ወር፣ 2

ሆስፒታል። ኮሪደር ላይ ነኝ። በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ፀጉራቸውን አበጠርኩላቸው። ማንሺክ ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገር ወጣ። አልጋው ጎማ ያለው ነው፤ አንዲት ነርስ እግራቸው ዘንድ ቆማለች። እማማ እጄን ሳብ አደረጉ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አወረድኩ።

«ያኔም የወፍጮ ሩዝ ነበር» አሉ።

እጄን ልነጥቅ ፈለግሁ፤ አልለቀቁኝም። ያ የደከመ እጅ ብረት ሆነ።

«ጥርስ ነበረኝ ያኔ። አንድ ፍሬ በቃኝ።»

«እማማ...»

«ዝም በይ። ማን ነው ‹ሂድ› ያለው? አንቺ ነሽ? አፌ ውስጥ የሱቅ ሩዝ ይዤ ‹ንጹህ ነው፣ ሂድ› ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ መሄድ ፈልጎ ነበር። እኔም ከመርከብ የሚመጣ ልጅ ያላት እናት መባል ፈልጌ ነበር። ትል ገብቶት ከነበረም ማየት አልፈለግሁም። አንቺ እንዳላየው አደረግሽልኝ። ይኸው ነው።»

«ታዲያ አሁን ለምን...?»

«አሁንም መሄድ ፈልጌ ነዋ» አሉ። በከንፈራቸው ጥግ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣ። «ያ ልጅ ሐኪም ቆንጆ ነው።»

ነርሷ «እንሂድ፣ አያት» አለች። አልጋው ተንቀሳቀሰ። አልጋው እስኪርቅ ድረስ እጃቸው ከእጄ አልወጣም።

ማንሺክ ሲመለስ «ምን አሉሽ?» አለኝ። «ፀጉሬ እንዳይበላሽ አሉ» አልኩት።

ዋሸሁት። አሁንም ዋሸሁት።

በዚህ ሁሉ ዓመት በእያንዳንዱ ማዕድ ፊት ለፊት ተቀምጠን በላን። እሳቸው ያውቁ ነበር፤ እኔ እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር። ይህ ሸክም የእኔ ብቻ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። አሁን የማን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ቀለለኝ ማለት አልችልም። የበለጠ ፈራሁ፤ ምክንያቱም ያን በር አልፈው ካልወጡ የምጠይቀው ሰው የለም።

ሰው በወጣ ቁጥር እነሣለሁ። ሌላ ቤተሰብ ይጠራሉ። እቀመጣለሁ።

ዘጠነኛው ወር፣ 4

ወጡ። ከጨጓራቸው ግማሽ በላይ ተወሰደ። ሐኪሙ «ገና ነው፤ ጥቂት ቀን እንይ» ይላል። ትኩሳት አለባቸው። ማንሺክ ወንበር ላይ ተኝቷል፣ አፉን ከፍቶ።

ማታ ዓይናቸውን ገለጡ። አወቁኝ። ብዙ የምጠይቀው ነበር፤ ከንፈሬ ላይ ነበር። ስለ ፒልሱ፣ እሱ በተሳፈረበት ጠዋት በወደቡ ላይ ምን እንዳሰቡ፣ ለምን ይህን ሁሉ ዘመን ዝም እንዳሉ።

«ጀርባዬ» አሉ። «አዙሪኝ።»

ነርሷ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ስፌቱ እንዳይከፈት ተጠንቀቂ አለችኝ። ማንሺክን አልቀሰቀስኩም። አንድ ክንዴን ከትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ከዳሌያቸው ሥር አስገባሁ። ይቀልላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ እህል ካልቀመሱ ስንት ጊዜያቸው ነው። ከበዱኝ። ግንባራቸው አንገቴ ላይ አረፈ፤ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ያዝሽኝ?» አሉ።

«ይዤዎታለሁ።»

ቀስ ብዬ አዞርኳቸው።